ንድፉ የእኔ ነበር፤ በምን ላረጋግጥ?

ጥያቄ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሙያዬ ብረታ ብረት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እንጀራውን ሳይቀድ ከላዩ አንሸራቶ ሰፌድ ላይ የሚያወርድ ማንሻ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነደፍኩ። ንድፉን ደብተር ላይ በእጄ ሣልኩት። ፎቶ አንሥቼ አብሮኝ ይሠራ ለነበረ ሰው በቴሌግራም ላክሁለት፤ አሠራሩንም በድምፅ መልእክት አስረዳሁት። እሱ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለሚያውቅ ስለ ሙቀት መቆጣጠሪያው ሐሳብ ሰጥቶኝ ነበር። በኋላ ጋራዥ ውስጥ ናሙና ገጣጥሜ እንጀራ ጋግሬበታለሁ። ከሰውየው ጋር ከተለያየን ቆየን። ከሰባት ወር በፊት በእሱ ስም ብቻ የቀረበ የፓተንት ማመልከቻ ታትሞ ወጣ። ሥዕሉ የእኔው ነው። ዘመዶቼና የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼ ስሠራ ስላዩኝ ለመመስከር ዝግጁ ናቸው። ቀድሜ የፈጠርኩት እኔ መሆኔን በምን ላረጋግጥ?

ስሜ ይቆይ፤ ከሜሪላንድ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ በመጀመሪያ ጊዜ የማይሰጠውን ልንገርዎ። በአሜሪካ ሕግ «ይህ ፈጠራ ከእኔ የተወሰደ ነው» የሚል አቤቱታ ለፓተንትና ንግድ ምልክት ቢሮው የሚቀርበው ማመልከቻው በታተመ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ሰባቱ ወር አልፏል። ደብዳቤዎን ከጻፉበት ቀን ጀምሮ የቀረዎት አምስት ወር ብቻ ስለሆነ፣ የሚቀጥለውን ሁሉ ይህን ቀነ ገደብ በልብዎ ይዘው ያንብቡት።

ቀጥዬ ወደ ጥያቄዎ ልግባ። «ቀድሜ የፈጠርኩት እኔ መሆኔን በምን ላረጋግጥ?» ብለዋል። የድካሙ ፍሬ የተወሰደበት ሰው ይህን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ዛሬ ጉዳይዎን የሚወስነው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ንድፉ ከእርስዎ ወደ እሱ መሄዱን በምን ያረጋግጣሉ? ሁለቱ ጥያቄዎች ይቀራረባሉ፤ የሚፈልጉት ማስረጃ ግን ይለያያል። ብዙ ፈጣሪዎች ጊዜያቸውንም ገንዘባቸውንም የሚጨርሱት የመጀመሪያውን ሲያስረዱ ነው።

ሕጉ ምን ነበር፣ ምን ሆነ?

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ ከሌላው ዓለም ተለይታ ለረጅም ዘመን መብቱን የምትሰጠው ማመልከቻ ላስቀደመ ሳይሆን ፈጠራውን ላስቀደመ ሰው ነበር። ሁለት ሰዎች ለአንድ ፈጠራ ሲካሰሱ ሦስት ነገር ይመረመር ነበር። ሐሳቡ በማን አእምሮ ቀድሞ ተሟላ? ማን ቀድሞ በሥራ ላይ አዋለው? በመካከል ያለውን ጊዜ ሳያቋርጥ የተጋው ማን ነው?

ያ ሥርዓት ለፈጣሪ የተመቸ ይመስላል፤ የጎርደን ጉልድ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ጉልድ በ1957 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። የሌዘርን አሠራር በደብተሩ ላይ ጻፈ፤ «ሌዘር» የሚለውን ስምም እዚያው አሰፈረ። ከዚያም ደብተሩን ይዞ ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ያለው ሰው ወደሚገኝበት አንድ የከረሜላ መሸጫ ሱቅ ሄደና በኖቬምበር 13 ቀን 1957 ገጾቹን በፊርማ አስረጋገጠ። ከዚህ የተሻለ የቀን ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ፓተንት ለመጠየቅ መጀመሪያ የሚሠራ መሣሪያ መኖር አለበት ብሎ በስሕተት ስላመነ ማመልከቻውን ያስገባው በኤፕሪል 1959 ነበር። ተፎካካሪዎቹ ቻርልስ ታውንስና አርተር ሻውሎው ግን በጁላይ 1958 አስገብተው ነበር። ክርክሩ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1966 ሲወሰን ጉልድ ተረታ። ፍርድ ቤቱን ያላሳመነው፣ እነ ታውንስ ካመለከቱበት ጊዜ ጀምሮ እሱ እስካመለከተበት ቀን ድረስ ሳያቋርጥ በትጋት መሥራቱ ነበር። ጉልድ በሌሎች የሌዘር ክፍሎች ላይ ፓተንት ማግኘት የጀመረው በ1977 ነው፤ ከደብተሩ ሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ «ቀድሞ ለፈጠረ» በሚባለው ዘመን እንኳን ያለ እንከን የተረጋገጠ ቀን ብቻውን አላሸነፈም። በሴፕቴምበር 2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ ደግሞ ሥርዓቱን ለወጠው። ከማርች 16 ቀን 2013 ጀምሮ ለሚቀርቡ ማመልከቻዎች መብቱ ቀድሞ ላመለከተ ፈጣሪ ሆነ። «ፈጣሪ» የሚለው ቃል ላይ ልብ ይበሉ። ሕጉ ቀድሞ የሮጠውን ሁሉ አይሸልምም። ከሌላ ሰው የተቀበለውን ነገር የራሴ ነው ብሎ ያስመዘገበ ሰው ፈጣሪ ስላልሆነ፣ ቀድሞ ማመልከቱ አያድነውም። የእርስዎ በር ይህ ነው።

ምን ምን ማሳየት ይጠበቅብዎታል?

አቤቱታውን የሚያየው የቢሮው የፓተንት ክርክርና ይግባኝ ቦርድ ነው። በቦርዱ ፊት አንደኛ፣ ፈጠራው በእርስዎ አእምሮ ውስጥ ተሟልቶ እንደነበር ያሳያሉ። ተሟልቶ ሲባል ሙያውን የሚያውቅ ሰው ረጅም ምርምር ሳያስፈልገው ሊሠራው በሚችልበት ደረጃ ማለት ነው። «እንጀራ የሚያወርድ ምጣድ ቢኖር» የሚል ምኞት አይበቃም፤ ማንሻው የት እንደሚታሰር፣ በምን እንደሚንቀሳቀስ፣ ከእንጀራው ሥር እንዴት እንደሚገባ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ያ የተሟላ ሐሳብ እሱ ከማመልከቱ በፊት ለእሱ መድረሱን ያሳያሉ። ሦስተኛ፣ ያመለከተው ያለ እርስዎ ፈቃድ መሆኑን ያስረዳሉ። መድረሱንና ፈቃድ አለመስጠትዎን በተመለከተ ቢያንስ አንድ የቃለ መሐላ ጽሑፍ ከአቤቱታው ጋር መያያዝ አለበት።

ማመልከቻውን ሲያነቡ ሥዕሉ ላይ ብቻ አይቁሙ። መጨረሻው ላይ በተራ ቁጥር የተዘረዘሩትን ጥበቃ የተጠየቀባቸው ነጥቦች ያግኙ። ክርክሩ የሚካሄደው በእነሱ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ የደብተሩን ገጽ፣ የቴሌግራሙን መልእክት ወይም የድምፁን ደቂቃ በአንጻሩ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይሥሩ። ባዶ የቀረ መደብ ካለ ጠበቃዎ አሁኑኑ ይወቀው።

የእርስዎን የሚመስል ጉዳይ በ2025 በአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተወስኗል። ነገሩ የቁስል ቅባት አሠራር ነበር። ቀድሞ አብረው ይሠሩ የነበሩ ሁለት ወገኖች በአራት ቀን ልዩነት አመለከቱ፤ ዘግይቶ ያመለከተው «ከእኔ ነው የወሰደው» አለ። ሁለቱም ወገን ያቀረበው ማስረጃ በ2014 በአንድ ቀን የተጻጻፉትን ኢሜይል ነበር። ቀድሞ ያመለከተው ሰው የአሠራሩን ሐሳብ የጻፈበት ኢሜይል ከሌላው ኢሜይል በሰዓታት ቀድሞ ተገኘ። ሐሳቡ ከሌላው ከመምጣቱ በፊት በእሱ ዘንድ ስለነበረ አቤቱታው ወደቀ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይማሩ። ባለጋራዎ የሚያቀርበው ዋናው መከላከያ «ከአንተ ከመስማቴ በፊት እኔም አስቤው ነበር» የሚል ነው። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት እሱ ስለ ማንሻው የጻፈልዎ ነገር ካለ ዛሬውኑ ፈልገው ያግኙት፤ የሚጎዳዎትን ማስረጃ ከእሱ በፊት ማወቅ ይጠቅማል። ሁለተኛው ነገር፣ በዚያ ክርክር የተረታው ወገን «ቢያንስ ተባባሪ ፈጣሪ ልባል» የሚለውን ጥያቄ ሥርዓቱ በሚያዝዘው መንገድ ባለማቅረቡ ጥያቄው ሳይታይ ቀርቷል። እርስዎ ይህን አማራጭ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ያስይዙ።

ምስክሮችዎ

ወገኖቻችን ክርክር ሲገጥማቸው ቀድመው የሚያስቡት ስንት ሰው እንደሚመሰክርላቸው ነው። በፓተንት ክርክር ግን የምስክር ብዛት ከሚያስቡት በታች ይመዝናል።

ጆሴፍ ግሊደን የኢሊኖይ ገበሬ ነበር። በኖቬምበር 24 ቀን 1874 በእሾሃማ ሽቦ አጥር ላይ ፓተንት አገኘ። በኋላ ፓተንቱን ለመጣል የፈለጉ ተከራካሪዎች፣ በ1858 እና 1859 ገደማ አዮዋ ውስጥ ዴልሃይ በምትባል ከተማ በተደረገ ትርኢት ላይ ሌላ ሰው ተመሳሳይ አጥር አሳይቶ ነበር ሲሉ ሃያ አራት ምስክሮች አቆሙ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1892 ሲወሰን ፍርድ ቤቱ የግሊደንን ፓተንት አጸና። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ያየውን ነገር ዛሬ ከሚያውቀው ጋር እያዋሐደ ያስታውሳል፤ ጠያቂው መስማት የሚፈልገው ነገር ትዝታውን ወደዚያው ይስበዋል። በዕቃ ወይም በሰነድ ያልተደገፈ ቃል፣ ተናጋሪው ቅን ቢሆንም እንኳ፣ የሚያረካ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም በዳኞች ይጠቀሳል።

የቴሌቪዥኑ ፈጣሪ የፋይሎ ፋርንስዎርዝ ታሪክ ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ይነገራል። በ1922 አይዳሆ ውስጥ ተማሪ ሳለ ሐሳቡን ለኬሚስትሪ መምህሩ ለጀስቲን ቶልማን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ አስረዳው። ከዓመታት በኋላ አርሲኤ የተባለው ኩባንያ በመሐንዲሱ በቭላዲሚር ዝዎሪኪን ስም ሲከራከረው መምህሩ መጥቶ መሰከረ፤ በ1935ም ቀዳሚነቱ ለፋርንስዎርዝ ተወሰነ። ሰው የሚያስታውሰው መምህሩን ነው። የውሳኔው መሠረት ግን ፋርንስዎርዝ በጃንዋሪ 7 ቀን 1927 ያስገባው ማመልከቻ ነበር። ዝዎሪኪን የ1923 ማመልከቻው ያንኑ ነገር እንደያዘም ሆነ ከ1927ቱ ቀን በፊት የሚሠራ መሣሪያ እንደነበረው ማሳየት አልቻለም። መምህሩ ታሪኩን ሙሉ አደረገው፤ ክርክሩን የያዘው ግን ቀን ያለበት ሰነድ ነው።

ስለዚህ ምስክሮችዎን በሁለት ይክፈሏቸው። «ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ አይቼዋለሁ» የሚለው መሥራትዎን እንጂ ምን እንደሠሩ አያስረዳም። «ማንሻው እንዴት እንደሚሠራ አሳይቶኛል፤ ሥዕሉን አይቼዋለሁ፤ በዚያ ሳምንት ብረቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ደረሰኙም ይኸው» የሚለው ግን ይጠቅማል። እንዲህ ያለ አንድ ሰው ከአሥር ዘመድ ይበልጣል። ምስክሮችዎን አንድ ላይ ሰብስበው «እንዲህ ነበር አይደል?» እያሉ አያስታውሷቸው፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ለብቻው ለጠበቃው ይናገር።

በዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ናሙናውን ሠርተው እንጀራ ጋግረውበታል፤ ሰዎችም አይተውታል። መቼ? አሜሪካ ውስጥ ፈጠራው በሕዝብ ዘንድ ጥቅም ላይ ከዋለ ወይም ለሽያጭ ከቀረበ ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ የፓተንት መብት ይቀራል። «በሕዝብ ዘንድ» የሚለውም ሰፊ ነው። በ1881 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባየው አንድ ጉዳይ የሴቶች የወገብ ማጥበቂያ ብረት የፈጠረ ሰው ብረቱን ለወዳጁ ሰጥቷት ነበር። ለዓመታት ከልብሷ ሥር ታጥቃዋለች፤ ማንም አላየውም። ምሥጢር እንድትጠብቅ ስላላሳሰባት ብቻ ነገሩ በሕዝብ ዘንድ ጥቅም ላይ እንደዋለ ተቆጠረና ፓተንቱ ወደቀ። ለሙከራ የተደረገ አጠቃቀም በዚህ አይጠየቅም። እንግዲህ ዘመዶችዎ ያዩት ሙከራ ነበር ወይስ ለበዓል እንጀራ ሲጋገርበት ነበር? በምሥጢር እንዲይዙት ነግረዋቸዋል? ጠበቃዎ ይህን ሳይጠይቅ አንድም ምስክር እንዳይቆም። ለእርስዎ ሊናገር የመጣ ሰው የእርስዎንም የባለጋራዎንም መብት አብሮ ሊያፈርስ ይችላል።

ደብተሩና ቴሌግራሙ

ከእጅዎ ያለው ትልቁ ሀብት የቴሌግራሙ መልእክት ነው። ደብተሩ ሐሳቡ በእርስዎ ዘንድ እንደነበረ ብቻ ሲያሳይ፣ መልእክቱ ሐሳቡን፣ ቀኑንና ተቀባዩን በአንድ ላይ ያሳያል። በእሱ መሣሪያ ላይም ቅጂ ስላለ በኋላ ፈጥረውታል ለማለት ያስቸግራል።

ስለዚህ ምንም አይሰርዙ፤ ስልኩን አይሽጡ፤ ንግግሩን አያጥፉ። የንግግሩን ሙሉ ቅጂ ከኮምፒውተር ላይ በቴሌግራም የማውጫ አገልግሎት አውጥተው በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። የማያ ገጹን ፎቶ ብቻ ይዘው አይምጡ፤ በቀላሉ ሊቀነባበር ስለሚችል ብቻውን ደካማ ነው። የንድፉን ፎቶ በተመለከተ በስልክዎ ያለውን የመጀመሪያውን ፋይል ይጠብቁ። በመልእክት መላኪያዎች እንደ ተራ ፎቶ የሚላክ ምስል መጠኑ ስለሚቀነስ፣ ቀንና ሰዓት የያዘው ድብቅ መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ያ መረጃ የሚገኘው በመጀመሪያው ፋይል ላይ ነው። የድምፅ መልእክቱ በአማርኛ ከሆነ ቃል በቃል ተጽፎ በብቁ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስና የትርጉሙን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ መሐላ ይያያዝ። የብረቱ፣ የሞተሩና የሽቦው ደረሰኞች እንዲሁም የባንክ ዝርዝሩ ናሙናውን መቼ እንደሠሩ ይደግፋሉ።

ደብተሩን በተመለከተ አጥብቄ የማሳስብዎ አንድ ነገር አለ። ቀን ያልተጻፈበት ገጽ ካለ ዛሬ ቀን አይጻፉበት። የደበዘዘ መስመር አያድምቁ፤ ባዶ ቦታ አይሙሉ። የጎደለ ደብተር በሌላ ማስረጃ ይሟላል፤ የተነካካ ደብተር ግን እውነተኛውን ገጽ ጭምር ይዞ ይወድቃል።

ወደፊት ለሚሠሩት ደግሞ ይህን ልማድ ያድርጉ። ደብተሩ ገጹ የማይነቀል፣ በተራ ቁጥር የታተመ ይሁን። በቀለም ይጻፉ፤ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ብቻ ይሰርዙ። በየገጹ ቀን ጽፈው ይፈርሙ። ሥራውን የሚረዳ፣ የፈጠራው ተካፋይ ያልሆነ ሰው «አንብቤ ተረድቼዋለሁ» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርም። ንድፉን በፖስታ አሽጎ ለራስ መላክ መብት ያስገኛል የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ያልታሸገ ፖስታ ልኮ በኋላ ማሸግ ስለሚቻል ማስረጃነቱም ደካማ ነው።

የሙቀት መቆጣጠሪያው

በደብዳቤዎ ውስጥ ያለፉት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። ሰውየው ስለ ሙቀት መቆጣጠሪያው ሐሳብ ሰጥቶኛል ብለዋል። ይህን በቅንነት መመርመር ይኖርብዎታል። በአሜሪካ ሕግ ጥበቃ ከተጠየቀባቸው ነጥቦች በአንዱ ላይ እንኳ እውነተኛ የፈጠራ አስተዋጽኦ ያደረገ ሰው ተባባሪ ፈጣሪ ነው። የሁለቱ ድርሻ እኩል መሆን የለበትም። በሙያው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መንገር ወይም በትእዛዝ ሽቦ መቀጠል ግን ፈጣሪ አያደርግም።

የእሱ መቆጣጠሪያ አዲስ ነገር ከነበረና ማመልከቻው ውስጥ ጥበቃ ከተጠየቀበት፣ እውነቱ «እሱ ሰረቀኝ» የሚለው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሁለታችሁም ፈጣሪዎች ናችሁ፣ የእሱ በደልም የእርስዎን ስም ማስቀረቱ ነው። ይህ የሚያስከትለውን ይወቁት። የጋራ ባለመብቶች የተለየ ስምምነት ካላደረጉ፣ አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዳቸው ሌላውን ሳያስፈቅዱና ሳያካፍሉ ፈጠራውን ሊሠሩና ሊሸጡ ይችላሉ። ከስምዎ መግባት ጋር የጽሑፍ ስምምነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላም የተዘለለን ፈጣሪ ስም በፍርድ ቤት ማስገባት ይቻላል። ልዩነቱ በማስረጃው ክብደት ላይ ነው። አሁን በቦርዱ ፊት ማስረጃዎ ከእሱ ማስረጃ በልጦ ከታየ ይበቃል። በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ግን ግልጽና አሳማኝ የሆነ ከፍ ያለ ማስረጃ ይጠየቃሉ። ያው ደብተርና ያው መልእክት ዛሬ የሚያስረታልዎትን ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ላያስረታልዎ ይችላል።

የራስዎ ማመልከቻ

አቤቱታው እንዲታይ የራስዎን የፓተንት ማመልከቻ ማስገባት ግዴታ ነው። ጥበቃ የሚጠይቁባቸው ነጥቦችም ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ወይም በመሠረቱ ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። ርካሹ ጊዜያዊ ማመልከቻ ለዚህ አይበቃም፤ እንዲህ ያሉ ነጥቦች አይጠየቁበትምና።

የአንድ ዓመቱ ገደብ እዚህም ይመለሳል። የእሱ የታተመ ማመልከቻ ለዓለም ይፋ የሆነ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ከእርስዎ የተወሰደ መሆኑን ካሳዩ እንቅፋት አይሆንብዎትም፤ ይህም የሚሠራው እርስዎ በታተመ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከቱ ነው። ቀኑ ካለፈ የገዛ ንድፍዎ በእሱ እጅ ታትሞ የእርስዎን ማመልከቻ ሊጥል ይችላል።

ማመልከቻው ታትሞ ማየትዎ ሌላም ነገር ይነግረናል። አሜሪካ ውስጥ የዕቃን መልክና ውበት ብቻ የሚጠብቀው የዲዛይን ፓተንት ከመሰጠቱ በፊት አይታተምም። ካስገቡት 18 ወር በኋላ የሚታተመው አሠራርን የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ክርክራችሁ ስለ ምጣዱ ቅርጽ ሳይሆን ስለ ማንሻው አሠራር ነው፤ ማስረጃዎንም በዚያው ላይ ያተኩሩ።

ገንዘቡ ካስጨነቀዎት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ፈጣሪዎች የቢሮው ክፍያ እስከ 80 በመቶ ይቀነሳል። በቢሮው ድጋፍ የሚካሄድ ነጻ የፓተንት ጥብቅና መርሐ ግብርም አለ፤ አንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ተመሳሳይ ክሊኒክ አላቸው።

ኢትዮጵያ ላላችሁ አንባቢዎች

ተመሳሳይ ጥያቄ አገር ቤት ሲነሣ የሚሠራው በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ነው። መብቱ የፈጣሪው ነው። ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ከፈጠሩ ግን ቀድሞ ላመለከተው ይሆናል። ፈጣሪው ራሱ ይፋ ያደረገው ወይም ሌላ ሰው በደል ፈጽሞ ያወጣበት ነገር፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ከሆነ አዲስነቱን አያሳጣውም። እዚህም የአንድ ዓመት ሰዓት ይቆጥራል ማለት ነው። ለዎርክሾፕ ሠራተኛ ንድፍ ከመስጠታችሁ በፊት አጭር የምሥጢር ስምምነት አስፈርሙ፤ በሰነዶች ማረጋገጫም አስመዝግቡት። የሚሠራ ነገር ከሆነ ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ለመሄድ ገበያው እስኪያየው አትጠብቁ።

«የእኔ ነው» ማለት ባይቻል እንኳ ያላግባብ የተሰጠን ፓተንት ማስፈረስ የሚቻልበት ሌላ መንገድ እንዳለ የጤፍ ጉዳይ አሳይቶናል። ከጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ጋር በተያያዘ በ2007 በአውሮፓ የተሰጠውን ፓተንት፣ ኔዘርላንድስን በሚመለከተው ክፍሉ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ዋጋ አሳጥቶታል። ጥያቄው ማን ቀደመ አልነበረም፤ ነገሩ የፈጠራ ብልኀት የሌለበት መሆኑ ነበር። ይህ መንገድ ግን መብቱን የማንም እንዳይሆን ያደርገዋል እንጂ ወደ እርስዎ አይመልሰውም። ጠያቂያችን፣ የመጨረሻ መጠጊያዎ እንጂ የመጀመሪያ እርምጃዎ አይሁን።

በቅደም ተከተል

በዚህ ሳምንት ስልኩንና ደብተሩን እንዳሉ ያስቀምጡ፤ የቴሌግራሙን ንግግር ያውጡ። ሰውየውን ደውለው አይሳደቡት፤ በማኅበራዊ መገናኛም አይጻፉበት፤ በቁጣ የተጻፈ ቃል ማስረጃ ሆኖ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሳምንት የእሱን ነጥቦች ከእርስዎ ማስረጃ ጋር ያስተያየ ሠንጠረዥ ይዘው ጠበቃ ያግኙ። ናሙናውን ማን መቼ እንዳየው ሳይደብቁ ይንገሩት። በሁለት ወር ውስጥ ማመልከቻዎ ይግባ፤ አቤቱታው ከነአማራጭ ጥያቄው ይከተል። ከዚያ በኋላ ጠበቃዎ ለሰውየው ጠበቃ ይጻፍ፤ ማመልከቻና ቀን ያለው መልእክት የያዘ ሰው የሚያቀርበው እርቅ ይደመጣል፤ ስምዎን በማስገባትና ጥቅሙን በመካፈል ሊያልቅም ይችላል።

ድካምዎ እውነት እንደነበረ ደብዳቤዎን ያነበበ ሁሉ ያምናል። ቦርዱ ግን የሚያምነው እርስዎንም እሱንም የማያውቅ ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችለውን ነው። ያንን የሚያሳይ መልእክት ከእጅዎ አለ፤ ቀኑ ሳያልፍ ይጠቀሙበት።